የለፋፊው ትንፋሽ

ጵርስቅላ የአባቷን መርዶ የሰማችው ከራሳቸው ከአባቷ አፍ ነው። ጓሮ ተቀምጣ እንሰት እየፋቀች ነበር። ጉሙ ከሸለቆው ገና አልተነሣም፤ የጎረቤታቸው የአቶ ቃሲም ወፍጮ ግን ሥራውን ጀምሮ ዱግ ዱግ ይላል። በዚህ መሃል ከራሷ በላይ፣ ከቆርቆሮው ጣሪያ ላይ፣ አንድ ነገር ጉሮሮውን ጠረገ። አጠራረጉ የሽማግሌ ነው፤ መጠኑ ግን የሰው አይደለም። እንሰቱ ሥር ይጭሩ የነበሩት ዶሮዎች ተበተኑ። ከዚያ ድምፁ በሀዲይኛ፣ አገሩ ሁሉ በሚያውቀው ረዥም የመርዶ ዜማ መጣ። «የሌሞ ሰዎች ስሙ። ከወንዝ ማዶ ያላችሁ ስሙ። የሀንዳሞ ልጅ፣ የላምቤቦ የልጅ ልጅ ኤርሱሞ ዛሬ ተለይቷችኋል።» ኤርሱሞ አባቷ ናቸው። ድምፁም የአባቷ ነው። አሁን ገና ሙቅ ውሃ ሰጥታቸው፣ ጠጥተው፣ መርቀዋት ነው የወጣችው። የቀርከሃ መፋቂያው ከእጇ ወደቀ። ቀና ብላ ጣሪያው ላይ የተሰቀለውን የድምፅ ማጉያ ጡሩምባ ስታይ ቆየች፤ አባቷ እዚያ ላይ የወጡ ይመስል።

አቶ ኤርሱሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሞት ለፋፊ ነበሩ። ሥራውን የማያውቅ ሰው አፍ ከፍቶ መጮህ ብቻ ይመስለዋል። ለፋፊ ማለት ሰው ሲሞት ጉብታው ላይ ወጥቶ የሟቹን ስም፣ የአባቱንና የአያቱን፣ ከማን እንደ ተወለደና ለማን እንደ ተዳረ፣ አማቹን፣ ምራቱን፣ አበልጁን፣ አንድም ሳይዘል በዜማ የሚያወርድ ሰው ነው። ስሙ የተዘለለ ዘመድ ለቀብር አይመጣም፤ ከመጣም ሊጣላ ነው የሚመጣው። የእሳቸው ድምፅ ሲሰማ እርሻ ይፈታል፣ ገበያ ይበተናል፣ ወፍጮ ይቆማል። ሰው እንዲህ ያመናቸው አንድም ቀን በሕይወት ያለ ሰው ለፍፈው ስለማያውቁ ነው። ዕድሜ ግን ደረታቸውን ያዘው። ባለፈው ዓመት አንዲት ባልቴት ሞተው ሲለፍፉ ድምፃቸው ወንዙን ሳይሻገር ቀረ። የባልቴቲቱ ወንድሞች ከማዶ የደረሱት መቃብሩ ላይ ሣር ከበቀለ በኋላ ነው። ታላቅየው በሰው ፊት «አፍህን ምን ነካው?» አላቸው፤ በዚያ ዕድሜያቸው አንተ ብሎ። ከዚያ ወዲህ አቶ ኤርሱሞ ጉብታው ላይ አልወጡም። ቤት ውስጥም ከሹክሹክታ ከፍ አድርገው አይናገሩም። የሚተካቸው ሰው ደግሞ የለም። አንዱ ወንድ ልጃቸው አሳምነው አዲስ አበባ ገብቶ ቀርቷል፤ የአያቱን ስም እንኳ ሲጠየቅ ነው የሚያስታውሰው። ሴት ልጅ አትለፍፍም። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም፤ አትለፍፍም፣ በቃ።

ድምፅ ማጉያው የመጣው ለጸሎት ቤቱ ነበር። ከባሕር ማዶ የተላከው ግን ማጉያ ሳይሆን አንድ ሣጥን ሙሉ ብትን ዕቃ ነው፤ የሚገጣጥመው ያዘዘው ሰው ራሱ ነው ተባለ። የጵርስቅላ ባል ተገኘ አስተማሪ ነው፣ እንግሊዝኛ ያነባል፣ የተበላሸ ሬዲዮም ፈትቶ ያውቃል። ስለዚህ ሣጥኑ በእሱ ላይ ወደቀ፤ እውነቱን እንናገር ከተባለ በእሷ የምግብ ጠረጴዛ ላይ። ከገና ወዲህ ቤተ ሰቡ ከጃንሆይ ሥዕል ሥር ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነው የበላው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሰው በጭንቅ የሚያነሣው ጥቁር ትራንስፎርመር፣ የስንዴ ፍሬ የሚያካክሉ ቀለም የተቀቡ ቁርጥራጮች፣ በየዓይነቱ ሽቦ፣ በጥጥ የተጠቀለሉ የብርጭቆ ቫልቮች ተደርድረው ከረሙ። ጵርስቅላ ቫልቮቹን አልወደደቻቸውም። ወደ ብርሃን ስታነሣቸው ውስጣቸው ወለልና መሰላል ያለው ትንሽ ቤት ይታያታል፤ ሰው ብቻ የለበትም። ተገኘ መበየጃውን ከሰል ላይ እያጋለ ቆርቆሮ ያቀልጣል፤ እሷ ፋኖስ ትይዝለታለች። አቶ ኤርሱሞ አልጋቸው እዚያው ሳሎን ውስጥ ስለሆነ ትራስ ተደግፈው ያያሉ።

አንድ ቀን «ይሄ ነገር የራሱ ድምፅ አለው?» ሲሉ ጠየቁ።

«የለውም፣ አባባ» አለ ተገኘ ከሥራው ቀና ሳይል። «የሰጡትን አግንኖ ነው የሚያወጣው።»

«የደከመ ድምፅ ቢሰጡትስ?»

«የደከመም ቢሆን።»

ከዚያ ወዲያ አንድም ነገር አልጠየቁም፤ ዓይናቸው ግን ከተገኘ እጅ አልተለየም። ትናንት ሥራው አለቀ። ጡሩምባው ለሙከራ ጣሪያው ላይ ወጣ፣ ከአቶ ቃሲም ወፍጮ ሞተር ሽቦ ተሳበ። ተገኘ ማብሪያውን ጠመዘዘ፣ ቫልቮቹ ፍም መስለው እስኪቀሉ ጠበቀ፣ ከዚያ ማይክራፎኑን ይዞ «ሃሎ» አለ። ሠፈሩ ደነገጠ፤ እሱም ደነገጠ፤ ሁሉም ሣቁ፤ ተገኘም አጠፋው። ዛሬ ሳይነጋ ለትምህርት ቤት ጉዳይ ወደ ጃጁራ ሄዷል፤ እስኪመሽ አይመለስም።

ጵርስቅላ ሳሎን ስትገባ አባቷ የክት ኮታቸውን ለብሰው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ጠረጴዛው ፊት ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ቫልቮቹ ቀልተዋል። ብርሃናቸው ከታች ፊታቸው ላይ ስለሚያርፍ ጉንጫቸው የሌላ ሰው ይመስላል። «አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለች። በእጃቸው ዝም በይ አሏት። እሷ አጠገባቸው ቆማ የምትሰማው ከሹክሹክታ የማይዘል ጭል ጭል የሚል ድምፅ ነው፤ ከውጭ፣ ከጣሪያው፣ በሌላ አፍ የሚመጣው ግን አገር ያናውጣል። አያታቸውን ጨርሰው ቦኖሻ ወዳሉት አማቾቻቸው ተሻግረዋል። የሟች ሚስታቸውን ወገን ቆጠሩ። የእሷን ስም ጠሩ፣ የተገኘን ጠሩ፣ የአሳምነውን ሲጠሩ ትንሽ አረፉ። እንደ ገና ከመጀመሪያው «የሌሞ ሰዎች ስሙ» ብለው ሲነሡ የአቶ ቃሲም ወፍጮ ቆመ። ሞት ተለፍፎ ወፍጮ አይፈጭምና። መብራቱ ሄደ፤ ቫልቮቹ ግን ወዲያው አይጠፉም። «ኤርሱሞ» የሚለው ስም ጣሪያው ላይ እየቀጠነ፣ እየጎረነነ፣ ወደ ጉድጓድ የሚገባ መሰለና ጠፋ።

ጵርስቅላ ተንበርክካ እጃቸውን ያዘች። ቀዝቅዟል፤ ነገር ግን ያዛት። «ለምን፣ አባባ? ለምን?» አለች።

«ማን ይጠራኛል?» አሏት ረጋ ብለው። «አንቺ አትጠሪኝ። ወንድምሽ አያውቅ። ሰው ሁሉ በእኔ አፍ ተጠርቶ፣ እኔ ዝም ተብሎ ልቀበር?»

«እርስዎ እኮ አልሞቱም።»

«እሱማ ቅርብ ነው፤ ደረቴን አውቀዋለሁ። አሁን ተጠርቻለሁ። ከእንግዲህ ምንም አያስፈራኝም።»

እሷ ግን ፈራች። ጵርስቅላ ከልጅነቷ ጀምሮ ጸሎት ቤት ያደገች ናት፤ የተለፈፈ ሰው ሳይቀበር አይውልም የሚለውን የድሮ ሰዎች ወሬ አታምንም። እንደማታምን ለሰው ሁሉ ተናግራለች። አሁን ግን እጃቸውን ይዛ ከንፈራቸውን፣ ጥፍራቸውን፣ የዓይናቸውን ነጭ እያየች ነው። በዚህ ዓለም የቀሯት እናትም አባትም እሳቸው ናቸው። ስማቸው ወደ መቃብር ቀድሞ ሄዷል፤ እሷ ዛሬ አንድ ሥራ ብቻ ነው ያላት፤ ስሙን መመለስ።

ለቀስተኛው ግን ከእሷ ቀደመ። መጀመሪያ የገባችው ጎረቤቷ እታለም ናት፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ደረቷን እየደቃች። በሩ ላይ አቶ ኤርሱሞን ወንበራቸው ላይ አየቻቸው። ቆመች። ከዚያ፣ ይህን ጵርስቅላ ዕድሜ ልኳን አትረሳውም፣ እታለም ዓይኗን ከእሳቸው ላይ ነቅላ ለቅሶዋን ቀጠለች። ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። ግቢው ሞላ። የሚገባው ሁሉ ሟቹን ያያል፣ ይደነግጣል፣ ሰላም ሳይላቸው ወጥቶ ያለቅሳል። ሰላም ማለት የሚቻለው ለማን ነው? ሁሉም በጆሮው ሰምቷል። ነፍሱ ስትወጣ ሰምተናታል፣ እየቀጠነች ስትሄድ፣ ይላሉ። የገዛ ድምፁ መሆኑም አላናወጣቸውም። ሌላ ለፋፊ ስለሌለ ራሱ ተመልሶ ሥራውን ሠራ፣ እንደ እሱ ያለ ጠንቃቃ ሰው ይህን አያጓድልም ተባለ። አቶ ኤርሱሞ በበኩላቸው ማን እንደ መጣ፣ ማን ከልቡ እንዳለቀሰ፣ ማን ለይስሙላ ደረቱን እንደ ዳበሰ ተመለከቱ። ደስ ያላቸውም ይመስሉ ነበር። የጸሎት ቤቱ ወንጌላዊ ዳኘ መጣ፤ እሱ እንኳ ፊት ለፊት አናገራቸው። ለወንጌል የመጣ ዕቃ የመጀመሪያ ቃሉ የውሸት ሞት መሆኑ እንዳሳዘነው ተናገረ፣ ጸለየ፣ ሲወጣ ግን የአቶ ኤርሱሞን ትከሻ በጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎ መኖራቸውን ሲያረጋግጥ ጵርስቅላ አየችው።

ግቢው ውስጥ ያለው ቢያንስ በዓይኑ አይቷል። የከበደው የማዶው ነው። ከወንዙ ባሻገር፣ ከሌሞ ዳገት ላይ፣ ዋይታው ይሰማል፤ ፈረሰኞች እየተሰበሰቡ ነው፤ ወደ ቦኖሻም መልእክተኛ ሳይላክ አይቀርም። መመለስ የሚቻለው በዚያው በጡሩምባው ብቻ ነው። ጡሩምባው ደግሞ ያለ ወፍጮ አይናገርም። ጵርስቅላ አጥሩን ዘልላ አቶ ቃሲም ዘንድ ገባች። በወፍጮው ደጅ ዱቄት እንደ ለበሱ ተቀምጠዋል።

«ሞተሩን ያስነሡልኝ፣ ጋሼ ቃሲም። አባቴ አልሞቱም።»

«ልጄ፣ ሬሳ ሳይወጣ ሞተር አላስነሣም። ከአባትሽ ጋር ሠላሳ ዓመት ጎረቤት ነኝ፤ በእሱ ቀን አልፈጭም።»

«ይምጡና ይዩዋቸው።»

መጡ። አቶ ኤርሱሞን አዩ። «ኤርሱሞ፣ አለህ?» አሉ አቶ ቃሲም። አቶ ኤርሱሞ ትንሽ አሰቡና፣ «ለጊዜው» አሉ። አቶ ቃሲም ወደ ወፍጮው ተመለሱ። ቆይቶ ሞተሩ ተነሣ፤ ዱግ ዱጉ ግን ለጵርስቅላ የጠዋቱን አልመስል አላት።

ማብሪያውን ጠመዘዘች፤ ፋኖስ ስትይዝ የከረመች ናትና ነገሩን ታውቀዋለች። ቫልቮቹ እስኪቀሉ ጠበቀች። «አባባ፣ እርስዎ ራስዎ ይናገሩ፤ አለሁ ይበሉ» ብላ ማይክራፎኑን ሰጠቻቸው። አልተቀበሏትም። የለፈፉትን ስም ሽረው አያውቁም፤ አሁንም አይሽሩም። ስለዚህ እሷ ተናገረች። «የሌሞ ሰዎች ስሙ» ስትል ድምፅዋ ከጣሪያው ተመልሶ ጆሮዋን መታት፤ ቀጭን፣ የተሰነጠቀ፣ የማታውቀው ድምፅ ነው። «አባቴ ኤርሱሞ አልሞቱም። በሕይወት አሉ። አትምጡ።» ማዶ ዋይታው ለአፍታ ቀጥ አለ። ከዚያ በዝቶ ቀጠለ። በር ላይ የቆመችው እታለም ራሷን ነቀነቀች። «ሴት ልጅ መለፈፏ ነው» አለች በሹክሹክታ። «ልቧ ተነክቷል ነው የሚሉት፤ የበለጠ ያለቅሱልሻል።» እውነቷን ነበር። ጵርስቅላ ደግማ ተናገረች፤ በደገመች ቁጥር ማዶ ያለው ለቅሶ ከፍ አለ።

አቶ ኤርሱሞ በዚህ መሃል ደክሟቸው ወደ አልጋቸው ሄዱ። ትራሳቸውን ተደግፈው አፋቸውን ከፈት አድርገው ተኙ። ማንኮራፋት ጀመሩ። ጵርስቅላ አየቻቸው፤ ማይክራፎኑን አየች፤ ከዚያ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቅ መጣባት። ሽቦውን እየጎተተች ማይክራፎኑን ትራሱ ላይ፣ አፋቸው አጠገብ አስቀመጠችው። ጣሪያው አንኮራፋ። ግቢው ያለው ሰው ፀጥ አለ፤ ቀጥሎ አንዱ ሣቀ፤ ከዚያ ሁሉም ሣቀ። ሬሳ አያንኮራፋም። ማንኮራፋቱ ሸለቆውን ተሻገረ፤ ማዶ ዋይታው ተንጠባጥቦ ቆመ፤ ፈረሰኞቹ ወደ ዳገቱ ሲመለሱ ከጉብታው ታዩ። ለቀስተኛው ነጠላውን ከወገቡ እየፈታ፣ በኤርሱሞ እየቀለደ ወደ ቤቱ ሄደ። «በሉ እንግዲህ፣ ሟች ሲነቃ ሰላም በሉልን» ብሎ የወጣም አለ። ጵርስቅላ ማይክራፎኑን ልታነሣ እጇን ዘረጋችና ተወችው። ትንሽ ይቆይ አለች። ቦኖሻ ድረስ እስኪሰማ፣ ያልሰማ ሁሉ እስኪሰማ ይቆይ። ስሙ ሲመለስ ይሰማት ነበር። ጋቢያቸውን እስከ አንገታቸው አለበሰቻቸውና እንስራዋን አዝላ ከእታለም ጋር ወደ ምንጭ ወረደች።

ምንጩ ከቤቱ ሩቅ ነው፤ ማንኮራፋቱ ግን እዚያም ይሰማል። ሴቶቹ ተራ እየጠበቁ ያሾፋሉ። እታለም «ባልሽ ከእንግዲህ ሌሊት የምታንኮራፊው አንቺ ነሽ እንዳይልሽ፣ ምስክር አለሽ» አለቻት፤ ጵርስቅላም ሣቀች። ቀኑ ደመናማ ሆኗል፤ ነፋስ የለም። ማዶ ሰዎች እርሻቸውን ጀምረዋል። ማንኮራፋቱ እየለሰለሰ ሄዶ ትንፋሽ ብቻ ሆነ፤ ረዥም፣ ለሸለቆው ሁሉ የሚበቃ ትንፋሽ። ይገባል፣ ይቆያል፣ ይወጣል። ወሬው ቀስ በቀስ ተቋረጠ። ለምን እንደ ሆነ ጵርስቅላ ቶሎ አልገባትም። ኋላ አስተዋለች፤ ሴቶቹ ቅላቸውን የሚነክሩት ትንፋሹ ሲገባ፣ እንስራው ውስጥ የሚገለብጡት ሲወጣ ነው። እሷም እንዲሁ እያደረገች ነው። ማዶ ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን በዚያው ልክ ያነሣሉ፣ ይጥላሉ። አንድም ሰው አልታዘዘም። አገሩ በሙሉ በአንድ ሽማግሌ ደረት ይሠራ ነበር።

ትንፋሹ ገባ። ሴቶቹ ቅላቸውን ነከሩ። ጠበቁ።

ጵርስቅላም ጠበቀች። ተገላብጠው ይሆናል አለች በልቧ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይሆናል። መብራቱ ተቋርጦ ይሆናል አለች፤ ግን ወፍጮው ዱግ ዱግ ይላል፣ ጡሩምባውም እምምም እያለ ነው፤ ባዶ ቤት የሚያሰማውን ዓይነት ድምፅ። ቅሏ ውሃው ውስጥ እንዳለ ነው። ማዶ አንድ ሰውዬ ዶማውን ወደ ላይ አንሥቶ አላወረደውም። ከሴቶቹ መካከል ወደ እሷ ያየ የለም። እታለም ቅሏን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠች፣ ጠዋት የፈታችውን ነጠላ ወሰደችና ወገቧ ላይ አሰረችው።

ከዚያ ወፍጮው ቆመ። እምምምታው ጣሪያው ላይ እየቀጠነ ወረደና ጠፋ። የሌሞ ዳገት ላይ ፈረሰኞቹ ማንም ሳይጠራቸው ተመልሰው ቁልቁል ሲወርዱ ይታያሉ። ጵርስቅላ ቅሏን አውጥታ ገለበጠች፤ እንደ ገናም ነከረች። እንስራው መሙላት ነበረበት፤ ለመጣው ሰው ሁሉ ውሃ ያስፈልጋል።